በሰው ስለመነገድ ለማስተማር ወደ ወረዳ ለምትወጣ ተማሪ

ጥያቄ፦ የሶሺዮሎጂ የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ክበባችን በክረምቱ ለ6 ቀን ወደ ደቡብ ወሎ ወጥቶ ስለ ሕገ ወጥ ስደትና በሰው ስለመነገድ ግንዛቤ ሊሰጥ አስቧል። ስመረቅ በዚሁ ዘርፍ መሥራት እፈልጋለሁ። ጉዞው ሥራ ለማግኘት ይጠቅመኛል? ምን ልዘጋጅ?

መልስ፦ እህታችን፣ ይጠቅምሻል። ነገር ግን «አትሂዱ» ብላችሁ ብቻ ከተመለሳችሁ ለሕዝቡም ላንቺም የሚተርፍ ነገር አይኖርም። የወሎ ገበሬ በጂቡቲ በኩል የሚያልፈውን የጋላፊንና የኦቦክን መንገድ፣ የየመንን ባሕር በስም ያውቃል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ልጆቹን የተቀበለ ወላጅ ስለ አደጋው ከተማሪ መስማት አያስፈልገውም። የሚጎድለው ቁርጥ ያለ መረጃ ነው፦ የቱ ወረቀት ሕጋዊ ነው፣ የቱን ክፍያ ማን ይሸፍናል፣ ደላላው ሲዋሽ በምን ይታወቃል?

ስለዚህ አዋጆቹን አንብቢ። በሰው መነገድንና ሰውን ድንበር ማሻገርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ነው፤ የውጭ አገር ሥራ ስምሪትን የሚመለከተው ደግሞ 923/2008 ሲሆን በ1246/2013 ተሻሽሏል። ከ923 ለመንደር ውይይት በጣም የሚጠቅመው የወጪ ክፍፍሉ ነው። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመድን ወጪ የአሠሪው ናቸው። ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ የሠራተኛዋ ናቸው። አንዲት እናት ይህን ካወቀች፣ «ለቪዛ» ተብላ በሬ እንድትሸጥ ስትጠየቅ ቆም ትላለች። በጉብኝት ቪዛ ለሥራ እልካለሁ የሚል፣ ውሉን ቀድሞ የማያሳይ፣ የልጅቷን ዕድሜ ከፍ አድርጎ ፓስፖርት የሚያስወጣ ሰውም እንዲሁ ይታወቃል።

ሁለቱን ወንጀሎች አትቀላቅዪ፤ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ መጀመሪያ የምትጠየቂው ይህንኑ ነው። ድንበር ማሻገር አሻጋሪው ከተጓዡ ክፍያ ተቀብሎ በሕገ ወጥ መንገድ ሲያሻግረው ነው። በሰው መነገድ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ድርጊት (መመልመል፣ ማጓጓዝ፣ መቀበል)፣ ዘዴ (ማታለል፣ ማስገደድ፣ ችግርን መጠቀም) እና ዓላማ (ብዝበዛ)። ተጎጂዋ ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ዘዴው ባይረጋገጥም ወንጀል ነው። ድንበር መሻገርም ግድ አይደለም፤ «ትምህርት ቤት አስገባታለሁ» ተብላ ከገጠር አዲስ አበባ መጥታ ያለ ደመወዝ የምትሠራ ሕፃን እዚሁ ትገባለች። ወንጀሉ የተማረውንም አይለይም። በ2017 ዓ.ም. በምያንማር ከሚገኙ የኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ግቢዎች ከወጡት የብዙ አገር ሰዎች መካከል፣ ታይላንድ ውስጥ ሥራ አለ ተብለው የተወሰዱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩበት።

ወደ ዝግጅቱ ስንመጣ፣ ብዙ ቡድን የሚሰናከለው በደብዳቤ ነው። ከዩኒቨርሲቲው የወጣው ደብዳቤ ለዞኑ፣ ከዞኑ ለወረዳው፣ ከወረዳው ለቀበሌው መድረስ አለበት፤ ቢያንስ 3 ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ። ሐምሌና ነሐሴ የእርሻና የአረም ጊዜ ስለሆነ በሥራ ቀን ጠዋት የጠራችሁት ስብሰባ ባዶ ይሆናል። ገበሬው ሥራ የማይሠራባቸውን የበዓል ቀናት፣ ዓርብ ከጸሎት በኋላ ያለውን ሰዓት፣ የእድር ስብሰባን ተጠቀሙ። ወደ ባቲ ወይም ከሚሴ አቅጣጫ ከሄዳችሁ ኦሮምኛ የሚናገር አባል ያስፈልጋችኋል።

300 ሰው ሰብስቦ በድምፅ ማጉያ መናገር ፎቶው ያምራል፣ ከዚያ ያለፈ ነገር የለውም። ከ15 እስከ 20 ሰው ሆናችሁ፣ ሴቶችን ለብቻ፣ ወጣቶችን ለብቻ፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል ተወያዩ። አባትና ወንድም በተቀመጡበት ልጅቷ ማን እንደገፋፋት አትናገርም። ውይይቱ ምን እንደለወጠ ለማወቅ እጅ አታስወጡ፤ ሰው የጎረቤቱን እጅ እያየ ነው የሚያወጣው። ሁለት ቆርቆሮ ከመጋረጃ ጀርባ አስቀምጡና «አዎ» ለሚል በአንዱ፣ «አይደለም» ለሚል በሌላው አንድ አንድ ባቄላ ይጣል። ያንኑ ጥያቄ በፊትና በኋላ ጠይቃችሁ ቁጥሩን መዝግቡ።

«እሺ፣ ቀርተን ምን እንሥራ?» መባላችሁ አይቀርም። አፍ የሚያስይዘው ጥያቄ ይህ ነው፣ ተገቢም ነው። ወደ ወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ ሄዳችሁ በዚያ ወር የተከፈተ የሥልጠና ምዝገባ፣ የብድር መስፈርትና የሕጋዊ ስምሪት ምዝገባ የት እንደሚካሄድ በጽሑፍ ያዙ። ያላረጋገጣችሁትን ተስፋ አትስጡ።

ተመላሾችን መድረክ ላይ አውጥታችሁ «ምን ደረሰብሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ በመንደሯ ስሟ ይነሳል፣ ቁስሏም ይቀሰቀሳል። ፊት የሚያሳይ ፎቶ አታንሱ፣ ስም አትመዝግቡ። አንዲት ልጅ ጠጋ ብላ ብትነግርሽ፣ አዳምጪያት፣ «ለማንም አልናገርም» ብለሽ ግን ቃል አትግቢ፤ ሕፃን ከሆነች ወይም አደጋው አሁን ያለ ከሆነ መናገርሽ ግድ ነውና። ለዚህም ከወረዳው ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ከፖሊስ አንድ አንድ ሰው ከመነሳታችሁ በፊት በስልክ ይታወቅ። ደላላ ለመያዝ ወይም በድብቅ ለመቅረጽ ከቶ አትሞክሩ። ደላላው ብዙ ጊዜ የቤተሰቡ ዘመድ ነው፤ እናንተ በ6ኛው ቀን ትሄዳላችሁ፣ የነገረቻችሁ ልጅ እዚያው ትቀራለች።

ሲቪሽ ላይ «ግንዛቤ ፈጥሬያለሁ» ብለሽ አትጻፊ። ቀበሌው ስንት፣ ውይይቱ ስንት፣ ተሳታፊው ስንት፣ አንቺ ራስሽ የሠራሽው ምን እንደሆነ (ጥያቄ ማዘጋጀት፣ ውይይት መምራት፣ ሪፖርት መጻፍ) በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀመጥ። ማኅተም ያለበትን የምስጋና ደብዳቤ ከወረዳው ሳትነሺ ተቀበይ፤ ከሄድሽ በኋላ በስልክ ማስጻፍ አይሆንም። ባለ 4 ገጽ ሪፖርት ጽፈሽ ለወረዳውም ላኪ፣ ለማመልከቻሽም የሥራ ናሙና ይሆንሻል። በዘርፉ የሚቀጥሩ ድርጅቶች ስለ ሕፃናት ጥበቃና ስለ ሠራተኛ ሥነ ምግባር ደንብ አጥብቀው ስለሚጠይቁ፣ በጉዞው የተከተላችሁትን ደንብ ሪፖርቱ ውስጥ አስገቢው።

የወረዳው ፈቃድ ካልደረሰ ጉዞውን ሰርዙት እንጂ በድፍረት አትግቡ። በምትኩ ትምህርት ሲከፈት ያንኑ ውይይት ለ1ኛ ዓመት ተማሪዎች አዘጋጁት፤ ከየወረዳው የመጡ ናቸውና ለእረፍት ሲመለሱ የወጪ ክፍፍሉን ዝርዝር ለቤተሰባቸው ይዘው ይሄዳሉ።