«የስምንት ወር ልጅ አያድግም» እያሉ ያስፈሩኛል

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ከረሙ? የ31 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የመጀመሪያ ልጄ ነው። ደም ግፊቴ በጣም ከፍ ብሎ ሆስፒታል ተኝቻለሁ። በአልትራሳውንድ ሲታይም ልጁ ከዕድሜው አንሷል ተብሏል። ሐኪሞቹ «ካልተባባሰ እስከ 34 ሳምንት ጠብቀን እናዋልድሻለን» ብለውኛል። ለሳንባው የሚሆን መርፌም ወስጃለሁ። እናቴ ግን «የሰባት ወር ያድጋል፣ የስምንት ወር አያድግም፤ ከሚያቆዩት አሁኑኑ ያውጡት» ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ አልጋ ልግዛ፣ ልብስ ልግዛ እያለ ይሯሯጣል። እኔ ምን ማዘጋጀት እንዳለብኝ ግራ ገብቶኛል። ይምከሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽልኝ። ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ስሠራ የእናትሽን አባባል ከስንት አያት እንደሰማሁት አልነግርሽም። እውነት አይደለም። የ34 ሳምንት ልጅ ከ31ዱ የተሻለ ሳንባ፣ የተሻለ አንጀት፣ የተሻለ አንጎል ይዞ ነው የሚመጣው። መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስን አንድ ላይ ማስኬድ የሚጀምረው እንኳ በ34 ሳምንት ገደማ ነው። እናትሽን በክርክር አታሸንፊያትም። ሐኪሙ ሲመጣ አጠገብሽ ትሁንና ራሷ ትጠይቀው።

ግን 34ን እንደ ቀጠሮ አትያዢው። ሐኪሞቹ በየቀኑ የሚመዝኑት ሁለት ነገር ነው፦ ለልጁ ሆድ ውስጥ መቆየት ይሻለዋል ወይስ መውጣት? አንቺስ ትችያለሽ? የደም ምርመራሽ ከተበላሸ ወይ የልጁ የልብ ምት ካላማራቸው ነገም ሊያዋልዱሽ ይችላሉ። ስለዚህ ዝግጅቱ የዚህ ሳምንት ሥራ ነው። አልለቅ ያለ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ብልጭታ፣ ከቀኝ ጎድንሽ ሥር ሕመም፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ ከመጣ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ነርሷን ጥሪ። «አስቸገርኳት» የሚባል ነገር የለም።

የወሰድሽው መርፌ የልጁን ሳንባ ቶሎ ያበስላል። ይበልጥ የሚጠቅመው ከ24 ሰዓት በኋላ እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሲወለድ ነው። ቀኑ ካለፈ ይደገም አይደገም የሚወስኑት እነሱ ናቸው፤ አንቺ ግን ጠይቂ። ማግኒዥየም የሚባል መድኃኒትም በደም ሥርሽ ሊሰጡሽ ይችላሉ። አንቺን ከመንቀጥቀጥ ይጠብቅሻል፤ ከ32 ሳምንት በፊት ከሆነ ለልጁ አንጎልም ይጠቅማል። ሲገባ ሰውነትሽ በአንዴ ይግላል፤ እንዳትደነግጪ።

አሁን ወደ ዝግጅቱ። አልጋው ይቆይ! ልጁ ቤት የሚገባው ብዙ ጊዜ በትክክለኛው መውለጃ ቀንሽ አካባቢ ነው፤ ጊዜ አላችሁ። ባለቤትሽ መሯሯጡን ከወደደ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ይሩጥ። ከዚያ ክፍል ሐኪም ወይ ነርስ አልጋሽ ድረስ መጥታ እንድታናግርሽ ይጠይቅ። ስትመጣ እነዚህን ጠይቋት፦ እዚህ የምትወልጂ ከሆነ ይህን ያህል ትንሽ ልጅ የሚያስተናግዱበት ቦታና ዕቃ አላቸው? ከሌላቸው፣ ልጁ ሆድሽ ውስጥ እያለ ወደሌላ ሆስፒታል መዛወር ከተወለደ በኋላ ከማጓጓዝ በጣም ይሻላል። እትብቱ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ሳይቆረጥ መቆየት ይችላል? ልጁን ይዞ የሚሄደው ማን ነው፣ አባትየው አብሮ ይገባል? እኔስ መቼ አየዋለሁ? ደረቴ ላይ የማደርገውስ? መልሱን ጻፉት። ከወለድሽ በኋላ እንኳን ይሄን፣ ስምሽንም ላታስታውሺ ትችያለሽ።

ከሁሉ በላይ የምጨቀጭቅሽ ስለ ወተት ነው። ያለጊዜው ለተወለደ ልጅ የእናት ወተት መድኃኒትም ነው፤ አንጀቱን ከከባድ ሕመም ይከላከልለታል። ልጁ መጀመሪያ ላይ ጡት መሳብ ስለማይችል በቀጭን ቱቦ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ አላቢዋ አንቺ ነሽ። ከወለድሽ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ጀምሪ፤ ገና አልጋ ላይ ተጋድመሽም ቢሆን። አውራ ጣትሽን ከላይ፣ ሌሎቹን ከታች አድርጊ፤ ከጡትሽ ጫፍ ትንሽ ራቅ ብለሽ ያዢ። መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ግፊ፣ ቀጥሎ ጭመቂ፣ ከዚያ ልቀቂ። ቆዳው ላይ አትንሸራተቺ፣ ያማል። ትንሽ ቆይቶ ወፈር ያለች ቢጫ ጠብታ ጫፉ ላይ ትቆማለች። እንገር ይሉሻል ያ ነው። ባለቤትሽ በትንሽ ሲሪንጅ ይምጠጣት። ግማሽ ሚሊ ሊትር ብትሆን «ምን ትሠራለች» ብለሽ እንዳትጥያት! በእነዚያ ቀናት ልጁም የሚፈልገው በጠብታ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ስምንት ጊዜ ያህል እለቢ፣ ሌሊቱንም ጨምሮ። ሌሊት መዝለል ወተቱን ይቀንሰዋል። አብዛኞቹ የግፊት መድኃኒቶች ጡት ከመስጠት አይከለክሉም፤ የአንቺን ለይተሽ ጠይቂ። ከመውለድሽ በፊት ግን ሐኪም ሳይፈቅድ ጡትሽን አትለቢ፣ ምጥ ሊቀሰቅስ ይችላል።

ቀጥሎ ደረትሽ። ልጁን በዳይፐርና በኮፍያ ብቻ አድርጎ ባዶ ደረት ላይ ማቀፍ፣ የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ኮሎምቢያ ቦጎታ ውስጥ ማሞቂያ ባነሰበት ሆስፒታል የተጀመረ ነው። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ማሞቂያ ላለውም ለሌለውም ይመክረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር፣ ለብቻው መተንፈስ ያቃተው በጣም የታመመ ልጅ ካልሆነ በቀር፣ እንደተወለደ ተጀምሮ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይሁን ብሏል። ልጁ ይሞቃል፣ ትንፋሹ ይረጋጋል፣ ወተትሽም ይጨምራል። የአባት ደረትም እኩል ይሠራል። ስለዚህ ባለቤትሽ የግድ ልግዛ ካለ ፊት ለፊት የሚከፈት ሸሚዝ ለሁለታችሁም፣ ትንንሽ ኮፍያና ካልሲ፣ በጣም ትንሹን ዳይፐር ይግዛ። በቃ። ጥፍሩን ይቁረጥ፤ ቀለበትና ሰዓት አውልቆ እስከ ክርኑ መታጠብንም ይልመድ።

መጀመሪያ ስታዪው ልትደነግጪ ትችያለሽ፤ ከሁለት ኪሎ በታች ሊሆን ይችላል፣ ቆዳው ስስ ነው፣ አፍንጫው ላይ አየር የሚገፋለት ቱቦ፣ እግሩ ላይ ሽቦ ይኖራል። ማሽኑ ይጮኻል። ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ሽቦው ስለተንሸራተተ ነው። ነርሷ መጀመሪያ ልጁን እንጂ ማሽኑን እንደማታይ ልብ በይ፤ አንቺም እንደሷ አድርጊ። ስትነኪው አትዳብሺው፣ ማሻሸቱ ይረብሸዋል። አንድ እጅሽን ራሱ ላይ፣ ሌላውን እግሩ ላይ ዝም ብለሽ አሳርፊ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኪሎው ይቀንሳል፤ የሚጠበቅ ነው።

አንድ ነገር ማንም አይነግርሽም፦ ምናልባት አንቺ ከእሱ ቀድመሽ ትወጫለሽ። ብዙ እናቶችን የሚሰብራቸው ከመውለዱ ይልቅ ይሄ ነው። ከአሁኑ ተነጋገሩበት። የት ታድሪያለሽ? ማን ያመላልስሻል? ለዘመድ ስልክ የሚመልሰውስ ማን ነው? (እናትሽን ብትሾሚያት ሥራም ታገኛለች፣ ሐኪሞቹንም ትለምዳለች።) ቤት የምታልቢው ወተት እንዴት እንደሚቀመጥና በምን እንደሚመጣ፣ የሚታለብበትን ዕቃ እንዴት እንደምታጸጂ፣ ከክፍሉ ሳትወጪ ጠይቀሽ ውጪ።