«ነርሲንጉን ትቼ ፊልም ልማር?» ላልሺኝ

ደብዳቤሽ ረጅም ስለሆነ ለሌላው አንባቢ ላሳጥረው። 27 ዓመትሽ ነው፤ ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖሪያለሽ። ቀን ቀን ነርሲንግ ትማሪያለሽ፤ ሁለት ሴሚስተር ቀርቶሻል። ማታ ማታና ቅዳሜ እሑድ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድሽ ትንከባከቢያለሽ። በዚህ መሀል አንድ ፊልም አየሽና እንቅልፍ አጣሽ፦ የአሜሪካዊቷ ዳይሬክተር የሚራንዳ ጁላይ «ሚ ኤንድ ዩ ኤንድ ኤቭሪዋን ዊ ኖው»። አንቺም ብዙ ሰው ያለበት፣ ስለ ብቸኝነት የሚያወራ ፊልም መሥራት አማረሽ። ኒው ዮርክ ያለ አንድ የግል የፊልም ትምህርት ቤት ተቀብሎሻል። ክፍያው በብድር ነው፤ አጎትሽ ኮሳይን እንዲያደርግልሽ፣ ማለትም ዋስ ሆኖ እንዲፈርምልሽ፣ ጠይቀሽዋል። እናትሽ ከአዲስ አበባ እየደወሉ «ፊልም ደግሞ ሥራ ነው?» ይላሉ። ለወንድምሽ በየወሩ 350 ዶላር ትልኪያለሽ። መጨረሻ ላይ «አሁን ካልወሰንኩ መቼ ልወስን ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ፊልሙን አይቼዋለሁ። (ያላያችሁት ካላችሁ፣ ከቤተሰብ ጋር ቡና እየተጠጣ የሚታይ አይደለም። ልጆቹ ኮምፒውተር ላይ የሚጻጻፉትን ስታዩ ሪሞት ፍለጋ ትሯሯጣላችሁ።) ግን እኔና አንቺ አንድ ፊልም ያየን አልመሰለኝም።

ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ክርስቲን አርቲስት ነች። እንጀራ የምትበላው ግን አዛውንቶችን በመኪና እያመላለሰች ነው። ካንቺ ሥራ ምን ይለያል? የወደደችው ሪቻርድ ጫማ ሻጭ ነው፤ ከሚስቱ ተለያይቶ ሁለት ልጆቹን ይዞ አዲስ ቤት የገባ ሰው። ጎረቤት ያለችው ትንሽ ልጅ ደግሞ ፎጣና የወጥ ቤት ዕቃ እየገዛች፣ ገና ለማታውቀው ትዳሯ በሣጥን ታጠራቅማለች። ለእኔ ምርጡ ትዕይንት የመጣው ክርስቲን ሥራ ላይ እያለች፣ ደንበኛዋን ሽማግሌ ይዛ ስትነዳ ነው። አንድ አባት ለልጁ የገዛውን ወርቃማ ዓሣ ከነላስቲኩ መኪናው ጣሪያ ላይ ረስቶ መንገድ ይገባል። ቢያቆም ዓሣው ይወድቃል፤ ቢፈጥንም ይወድቃል። ክርስቲንና ሽማግሌው ይህን እያዩ ምን እንደሚያደርጉ ግራ ይገባቸዋል። አባትየውን አያውቁትም፤ ዓሣውን ግን እንደ ራሳቸው ይጨነቁለታል።

አንቺ ስለ ካሜራና ሌንስ ሁለት ገጽ ጽፈሽልኛል። ስለ ሥራሽ የጻፍሽው ሦስት መስመር ነው። እኔ ግን ደጋግሜ ያነበብኩት እነዚያን ሦስት መስመሮች ነው። የምትንከባከቢያቸው አሮጊት ልትወጪ ስትዪ ሁልጊዜ «ስልኬ ይጠራ እንደሆነ እስቲ ደውይልኝ» ይሉሻል። ትደውያለሽ። ይጠራል። «ደህና ነው ማለት ነው» ብለው መልሰው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡታል። ይህን የጻፍሽልኝ «ጊዜዬ እንዴት እየባከነ እንደሆነ እይልኝ» ለማለት ነው። እህቴ፣ የፊልም ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ስንት ሺህ ዶላር ከፍሎ፣ እንዲህ ያለ አንድ ትዕይንት ሳያገኝ የሚመረቅ ስንት ሰው እንዳለ ታውቂያለሽ?

የነካኝ ይሄ ነው። እኛ ሀበሾች መሀል ጥበብ የሚጀመረው ሥራ ሲለቀቅ ነው የሚል ወሬ አለ። ለዚህ ወሬ ትዕግሥት የለኝም። እኔ የተማርኩት ዲሲ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራሁ ነው፤ ደሞዝ ወዳለበት ማድላቴን ከዚያ ቁጠሪው።

«ሚራንዳ ጁላይም እኮ ኮሌጅ አቋርጣለች» ትዪኝ ይሆናል። አዎ፣ ሳንታ ክሩዝ ዩኒቨርሲቲ ጀምራ ትታ ወደ ፖርትላንድ ከተማ ሄዳለች። ግን ያቋረጠችው ተበድራ ሌላ ትምህርት ቤት ለመግባት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 አንድ ነገር ጀመረች፤ ሴቶች የሠሩትን አጭር ፊልም ከ5 ዶላር ጋር ይልኩላታል፣ እሷ 10 ፊልም በአንድ ቪኤችኤስ ካሴት እየቀዳች ለላኪዎቹ መልሳ ትልካለች። በየከተማው ብቻቸውን የሚሠሩ ሴቶች አንዳቸው የሌላቸውን ሥራ አዩ። ከዚያ አጫጭር ፊልም ሠራች፣ መድረክ ላይ ተጫወተች። የቤት ኪራዩን የምትከፍለው በተገኘው ሥራ ነበር፤ ቁልፍ መኪናቸው ውስጥ ለተቆለፈባቸው ሰዎች በር መክፈት ሳይቀር። አንቺ ያየሽው ፊልም የወጣው በ2005 ነው። ሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ተሸለመ፤ ካን ፌስቲቫል ላይ ደግሞ ለመጀመሪያ ረጅም ፊልም የሚሰጠውን ካሜራ ዶር ከአንድ የስሪላንካ ፊልም ጋር ተካፈለ። መሀሉ ላይ ያለውን ዐሥር ዓመት አትዝለዪው።

አሁን ወደ ብድሩ። የግል የተማሪ ብድር ላይ ኮሳይን ያደረገ ሰው ባለዕዳ ነው። አንቺ መክፈል ሲያቅትሽ የሚደወለው ለአጎትሽ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተማሪ ዕዳ ባንክረፕሲ ገብተሽም (ከሰርኩ ብለሽ ፍርድ ቤት ሄደሽም) በቀላሉ አይሰረዝም። የፊልም ዲግሪ ይዘሽ ስትወጪ ደግሞ ማንም «ነይ ፊልም ሥሪ» ብሎ አይጠብቅሽም። የነርስ ፈቃድ ይዘሽ ስትወጪ ግን ይጠብቁሻል። ሆስፒታል ያሉ ብዙ ነርሶች በሳምንት ሦስት ቀን ነው የሚገቡት፤ እያንዳንዱ ሺፍት 12 ሰዓት ነው። አራት ቀን ይተርፍሻል። አንዱን ተኚበት፤ ድካሙ ቀልድ አይደለም። ሦስቱ የፊልምሽ ነው።

ደግሞም ያሰብሽው ዓይነት ፊልም ለሥራ ሰው የተፈጠረ ነው። አንድ ዋና ተዋናይ ለሃያ ቀን ከሥራው አስፈቅደሽ ማቆየት አትችዪም። ስድስት ሰዎች ግን እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ቀን ይሰጡሻል። ኡበር የሚነዳውን ማክሰኞ ትቀርጪዋለሽ፣ ሬስቶራንት የምትሠራዋን ሰኞ። ሁሉም አንድ ላይ የሚያስፈልጉሽ ታሪኮቹ በሚገናኙበት ትዕይንት ላይ ብቻ ነው። መጀመሪያ ግን አምስት ደቂቃ የሚሆን፣ ሦስት ሰው ያለበት፣ በስልክሽ የምትቀርጪው ሥሪ። አሮጊቷን ራሳቸውን እንዳትቀርጪ፤ ስማቸውንም ሕመማቸውንም እንዳትነኪ። የሕመምተኛን ምስጢር የሚጠብቅ ሂፓ የሚባል ሕግ አለ፣ በክፍል ተምረሽዋል።

ማን ያየዋል ካልሽ፣ ሩቅ አትሂጂ። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1993 «ሳንኮፋ» የተባለ ፊልማቸውን ሲጨርሱ የሚያከፋፍልላቸው አጡ። ራሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከከተማ ከተማ አሳዩት። በፊልሙ ስም የተሰየመው የመጻሕፍት መደብራቸው ዲሲ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ነው፤ ከቤትሽ ቅርብ ነው፣ ሂጂና እዪው። እሳቸውም ቢሆኑ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ ነበር።

ስለ ወንድምሽ የምለው አይጥምሽም። 30 ዓመቱ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ሥራ «የሚመጥነው አላገኘም»። አንቺው ነሽ የጻፍሽው። የምትልኪለት በዓመት 4,200 ዶላር ይሆናል፤ የመጀመሪያ ፊልምሽ በጀት እሱ ጋ ነው ያለው። ለእናትሽ የምትልኪውን አትንኪ። ለእሱ ግን ሥራ መጀመሪያ የሚሆነው አንድ ጊዜ ስጪውና አቁሚ። «አሜሪካ ገብታ ተለወጠች» ይሉሻል። ይበሉ።

እናትሽን በክርክር አታሳምኛቸውም፤ ፊልሙ ሲያልቅ አሳዪአቸው። ዕድሜዬ ሄደ ላልሽው፣ ሚራንዳ ጁላይ በ2005 31 ዓመቷ ነበር። ስለ አክሰንትሽ መጨነቁንም ተዪው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አክሰንት የሌለው ማን አለ?

ለትምህርት ቤቱ በዚህ ሳምንት ጻፊላቸው። ቦታሽን ለአንድ ዓመት ያቆዩልሽ እንደሆነ ጠይቂ፤ ዲፖዚት ግን እንዳትከፍዪ። ለአጎትሽም ደውይና ፊርማው እንደቀረ ንገሪው። እስካሁን «እያሰብኩበት ነው» ያለሽ ለምን እንደሆነ የሚገባሽ ይመስለኛል።