ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ጉልበት የሚጠፋው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ38 ዓመት ሴት ስሆን በሐዋሳ ከተማ በመምህርነት እሠራለሁ። ከስምንት ወር ወዲህ ጠዋት ስነሣ ሌሊቱን ሙሉ ሸክም ስሸከም ያደርኩ ያህል ይደክመኛል። የምግብ ፍላጎቴ ቀንሶ ሳለ ክብደቴ ጨመረ፤ ሆዴ ይደርቃል፤ ፀጉሬ ይረግፋል፤ ሰው ሁሉ በሙቀት ሲማረር እኔ ጋቢ እደርባለሁ። በደም ምርመራ ታይሮይድን የሚያዝዘው ቲኤስኤች የተባለ ሆርሞን 24 ሆኖ ተገኘ፤ ፍሪ ቲ4 የተባለው የታይሮይድ ሆርሞን ደግሞ ከመደበኛው በታች ነው ተባልኩ። ሆርሞኑን የሚተካ ባለ 50 ማይክሮግራም የሌቮታይሮክሲን ኪኒን ታዝዞልኝ ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ቢሆነኝም እምብዛም ለውጥ አላየሁም። አንዲት ባልደረባዬ «ችግርሽ የሚቶኮንድሪያ መዳከም ነው» ብላ ከውጭ አገር የመጣ የጉልበት ማሟያ እንክብል እንድገዛ መክራኛለች። ታይሮይድና ሚቶኮንድሪያ ምን ያገናኛቸዋል? እንክብሉን ልግዛ? ወይስ ኪኒኑን በቀን ሁለት ላድርገው?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ባልደረባዎ የጠቀሱት ነገር ከሕመምዎ ጋር እውነተኛ ግንኙነት አለው፤ የተሳሳቱት በመፍትሔው ላይ ነው። ጥያቄዎችዎን ለመመለስ በሰውነት ሕዋሳት ውስጥ የሚካሄደውን ነገር ጥቂት ዘርዘር አድርጌ ማስረዳት ይኖርብኛል።

የበላነው እንጀራም ሆነ ቆጮ ተፈጭቶ ወደ ደም ከገባ በኋላ ወደ ጉልበት የሚለወጠው በአብዛኛው ሚቶኮንድሪያ በሚባሉ፣ በየሕዋሱ ውስጥ በሚገኙ እጅግ ደቃቅ ክፍሎች አማካይነት ነው። ብዙ ሥራ በሚሠሩት በልብ፣ በጡንቻና በጉበት ሕዋሳት ውስጥ ቁጥራቸው በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠር ሲሆን፣ ስኳሩንና ስቡን በምንተነፍሰው ኦክስጅን አቃጥለው ኤቲፒ የተባለውን፣ ሕዋሱ ለሥራው ሁሉ የሚጠቀምበትን የኃይል ቅንጣት ያመርታሉ፤ ከቃጠሎው ከፊሉ ደግሞ ሙቀት ሆኖ ሰውነትን ያሞቃል። ነገሩን በአንጥረኛ ምድጃ ብንመስለው፣ ምግቡ ከሰል፣ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ የሚያመነጨው ሆርሞን ደግሞ ወናፍ ነው። ወናፉ ሲደክም ከሰሉ እንደተከመረ ይቀራል፣ እሳቱም ይደበዝዛል። እርስዎ ትንሽ እየበሉ ክብደት የጨመሩበት፣ በሐዋሳ ሙቀት ብርድ የሚሰማዎት፣ አንጀትዎም የተጓተተው በዚሁ ምክንያት ነው። ከጨመሩት ክብደት ጥቂት የማይባለው በሰውነት ውስጥ የተያዘ ጨውና ውኃ መሆኑን ግን ልብ ይበሉ፤ ሁሉም ስብ ነው ብለው አይጨነቁ። ዘመድ ወዳጅ «ደክሞሻልና ማር በቅቤ ብዪ» ቢልዎትም ወናፉ ሳይጠገን ከሰል መጨመር አይጠቅምዎትም።

ይህ ግንኙነት ከታወቀ ቆይቷል። በ1895 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ማግኑስ-ሌቪ፣ የእንስሳ ታይሮይድ የተሰጣቸው ሰዎች ዐርፈው ሳሉ የሚጠቀሙት ኦክስጅን እንደሚጨምር በመለካት አሳይቷል። በተቃራኒው ዕጢው ጨርሶ ሥራ ባቆመበት ሰው፣ በዕረፍት ጊዜ የሚቃጠለው ኃይል ከመደበኛው በሲሶ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊቀንስ ይችላል።

አሁን ወደ ሦስቱ ሳምንታትዎ እንምጣ። በኪኒኑ ውስጥ ያለው ሆርሞን ቲ4 ሲሆን አራት የአዮዲን አቶሞች አሉት፤ በራሱ ብዙም አይሠራም። በጉበት፣ በኩላሊት፣ በጡንቻና በሌሎችም የአካል ክፍሎች ውስጥ ሴሊኒየም ያላቸው ኢንዛይሞች አንዱን አዮዲን ያነሡለትና ቲ3 ወደሚባለው ብርቱ ሆርሞን ይለውጡታል። ቲ3 ከዚያ ወደ ሕዋሱ እምብርት ገብቶ የተወሰኑ ዘረመሎች ሥራ እንዲጀምሩ ያዝዛል። በዚህ ትእዛዝ ነባሮቹ ሚቶኮንድሪያ የሚያስፈልጓቸው ፕሮቲኖች ይመረታሉ፤ አዳዲስ ሚቶኮንድሪያም ይገነባሉ። እንዲሁም በሕዋሱ ሽፋን ላይ ሶዲየምንና ፖታሲየምን የሚያመላልሱት፣ ኤቲፒን ያለ ዕረፍት የሚፈጁ ፓምፖች ይበዛሉ። በሚቶኮንድሪያ የውስጠኛ ሽፋን በኩል የሚያመልጠው ኃይልም ይጨምርና ሙቀት ይሆናል። ይህ ሁሉ የግንባታ ሥራ በመሆኑ የራስ ምታት ኪኒን እንደሚያስታግስ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚታይ ነገር የለውም። በዚያ ላይ ከዋጡት ቲ4 ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ሰባት ቀን ያህል ስለሚፈጅበት፣ በደምዎ ውስጥ ያለው መጠን የሚረጋጋው ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት ለውጥ አለማየትዎ መድኃኒቱ አልሠራም ለማለት አያበቃም።

መጠኑ ላይበቃዎት እንደሚችል ግን አልሸሽግዎትም። ዕጢው ጨርሶ ላቆመ ጎልማሳ የሚያስፈልገው በአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ማይክሮግራም አካባቢ በመሆኑ፣ 50 ለብዙዎች መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። የሚጨመረው ግን ቲኤስኤች ተለክቶ፣ በሐኪም ውሳኔ ነው። ወናፉን ከልክ በላይ መንፋት ጉልበት አይሰጥም። ሆርሞኑ ሲበዛ ሰውነት የራሱን ጡንቻ ማቃጠል ይጀምራል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ የልብ ምት ይዛባል፤ ለዓመታት ከቀጠለም አጥንት ይሳሳል። ስለዚህ ኪኒኑን በገዛ እጅዎ ሁለት እንዳያደርጉት አጥብቄ እለምንዎታለሁ።

ስለ እንክብሉ፦ ሚቶኮንድሪያው ራሱ የሚታመምባቸው በሽታዎች በእርግጥ አሉ። በ1962 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው ሐኪም ሮልፍ ሉፍትና ባልደረቦቹ፣ እጅግ እያላባት፣ ብዙ እየበላች የምትከሳና የታይሮይድ ሆርሞን የበዛባት የምትመስል፣ ነገር ግን ታይሮይዷ ጤናማ የሆነ ሴት ታሪክ አሳተሙ፤ ጥፋቱ የተገኘው በሚቶኮንድሪያዋ ውስጥ ነበር። እንዲህ ያለው ሕመም ግን እጅግ ብርቅ ነው፤ የእርስዎም ምርመራ በግልጽ የሚያመለክተው ወደ ታይሮይድ ዕጢዎ ነው። ቲኤስኤች ከአንጎል ሥር የምትገኘው ፒቱታሪ ዕጢ ታይሮይድን «ሥራ» እያለች የምታዝዝበት መልእክት ሲሆን፣ በአብዛኛው ከ0.4 እስከ 4 መሆን ሲገባው 24 መድረሱ ትእዛዙ እየተደጋገመ መልስ አለማግኘቱን ያሳያል። የእርስዎ ሚቶኮንድሪያ ትእዛዝ የሚጠብቁ እንጂ የተበላሹ ለመሆናቸው ምልክት የለም። ከሁሉም የሚያሳስበኝ በእነዚህ ማሟያዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጨመረው ካርኒቲን ነው፤ ይህ ንጥረ ነገር የታይሮይድ ሆርሞን ወደ ሕዋስ እምብርት እንዳይገባ እንደሚያውክ በጥናት ስለታየ፣ ጉልበት ፍለጋ ገዝተውት መድኃኒትዎን ሊያዳክምብዎት ይችላል። ገንዘብዎን ለቀጣዩ ምርመራ ያቆዩት።

ኪኒኑን እንዴት እንደሚወስዱት አልጻፉልኝም፤ በሥራዬ ደጋግሜ የማየው ስሕተት እዚህ ላይ ስለሆነ ልንገርዎት። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ውጠው፣ ለቡናም ሆነ ለቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይታገሡ፤ በሲዳማ ምድር ጠዋት ቡና መታገሥ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ነገር ግን ቡና መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሰዋል። የብረት ወይም የካልሲየም ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ በመካከላቸው የአራት ሰዓት ልዩነት ይኑር። በጾም ወቅት የአኩሪ አተር ወተት የሚጠጡ ከሆነ እርሱንም ከኪኒኑ ያርቁት። ጾመኛ ከሆኑና ጠዋት ውኃ መቅመስ ካልፈለጉ፣ ከእራት ሦስት ሰዓት በኋላ፣ ሲተኙ መውሰድ ይቻላል፤ ዋናው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓትና ሁኔታ መሆኑ ነው።

በምግብ በኩል አዮዲን ያለው ጨው መጠቀምዎን ይቀጥሉ። የሐይቃችን ዓሣ መልካም ምግብ ቢሆንም እንደ ባሕር ዓሣ አዮዲን የለውም። ይሁን እንጂ ዕጢው አንዴ ከተጎዳ ጨው ማብዛት አይጠግነውም።

ኪኒኑን በጀመሩ በስድስተኛው ወይም በስምንተኛው ሳምንት ቲኤስኤች እንደገና ይለኩ። ለፀጉርዎ ባዮቲን ያለው ቫይታሚን እየወሰዱ ከሆነ ከምርመራው ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድመው ያቁሙት፣ ውጤቱን ሊያሳስት ይችላልና። ድካም በደም ማነስም ስለሚመጣ የደም መጠንዎ ካልታየ አብሮ እንዲታይልዎ ይጠይቁ። እርግዝና ካሰቡ ወይም የወር አበባዎ ከቀረ ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ በእርግዝና ጊዜ የሆርሞኑ ፍላጎት ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ይጨምራል፣ የፅንሱ አንጎል እድገትም በመጀመሪያ የሚመካው በእናቱ ሆርሞን ላይ ነው። ደረትዎን ቢያምዎት ወይም ልብዎ ያለ ሥራ ቢደልቅ ደግሞ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።