የአንባቢያን ጥያቄ፦ ፍሪሲዮኑ ካልደረሰልኝ ጥፋቱ የኔ ቁመት ነው ወይስ የወንበሩ?

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፍልህ ከሜሪላንድ ነው። የ1977 ኤምጂቢ ስፖርት መኪና ገዝቻለሁ፣ ጣሪያዋ የሚከፈተውን። ቁመቴ 1.60 ነው፣ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ለመርገጥ ወንበሩን ወደፊት ጥጉ ድረስ መሳብ አለብኝ፣ ያኔ ደግሞ መሪው ጭኔ ላይ ይመጣል፣ ክርኔም ከጎኔ ጋር ይጣበቃል፣ ግማሽ ሰዓት ከነዳሁ ወገቤ አይጣል ነው። ወንድሜ ደግሞ 1.88 ነው፣ እሱ ሲነዳት አይኑ የፊት መስታወቱ ፍሬም ላይ ነው የሚያርፈው። ባሌ ትንሽ መሪ ግዢና ተገላገይ ይለኛል፣ ልግዛ?

መልስ፦ ኧረ ቆይ እህቴ፣ መሪ መጨረሻ ላይ ነው የሚገዛው። ኤምጂቢ ከ1962 እስከ 1980 እንግሊዝ አገር አቢንግደን ስትሰራ ኖራ ከ500 ሺህ በላይ ተመርታለች፣ በእግር ቦታ ደግሞ አትታማም፣ ለአጭርም ለረጅምም ትሆናለች። ስለዚህ እኔን የሚያጠራጥረኝ ያንቺ ቁመት ሳይሆን የመኪናዋ እድሜ ነው።

መጀመሪያ ፍሪሲዮኑን እንይ። ፔዳሉ ከማስተር ሲሊንደሩ (የፍሪሲዮን ዘይቱን ከሚገፋው) ዘንግ ጋር የሚያያዘው በአንዲት ትንሽ ፒን ነው፣ በዚህች መኪና ላይ ይቺ ፒን መበላቷ የታወቀ ነገር ነው፣ ፒኗ ትቀጥናለች፣ የፔዳሉ ቀዳዳ ደግሞ ክብ የነበረው እንቁላል ቅርጽ ይይዛል፣ ከዛ ፔዳሉን ስትረግጪ የመጀመሪያው ርቀት ዝም ብሎ ባዶ ይሄዳል፣ ፍሪሲዮኑ የሚለቀው ወለሉ ጋ ሲደርስ ብቻ ይሆናል። አንቺም ያቺን የመጨረሻዋን ርቀት ፍለጋ ነው ወንበሩን የሳብሽው። መፈተኛው ቀላል ነው፣ ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን በእጅሽ ቀስ አርገሽ ግፊው፣ ምንም ሳይከብድሽ ብዙ ከሄደ ነገሩ እሱ ነው። ፒኗ ርካሽ ናት፣ ያለችው ግን ኮፈኑ ስር በሹፌሩ በኩል ባለው የፔዳል ሳጥን ውስጥ ስለሆነ እጅ አይገባም፣ መካኒኩ የሚያስከፍልሽ ለእቃው ሳይሆን ለእልሁ ነው። የፔዳሉ ቀዳዳም ከሰፋ ተበይዶ እንደገና ይበሳ፣ አዲስ ፒን በሰፋ ቀዳዳ ውስጥ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። በዛው የፍሪሲዮን ዘይቱም ጎድሎ ወይም አየር ገብቶበት እንዳይሆን ይታይልሽ።

ቀጥሎ ወንበሩ። እጅሽን ከስሩ ሰደሽ ዳብሺ፣ ስፖንጁን ተሸክሞ የሚይዝ ፍሬሙ ላይ በመንጠቆ የተወጠረ የጎማ ሸራ አለ። ይሄ ጎማ በአመታት ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴ ግማሹ መንጠቆ ለቆ ታገኚዋለሽ። ያኔ ቂጥሽ ይሰምጣል ጉልበትሽ ይነሳል፣ መሪው ጭኔ ላይ መጣ ያልሽው መሪው ወርዶ ሳይሆን አንቺ ሰምጠሽ ከሆነስ? የወገብሽም ነገር ከዚሁ ይመስለኛል። አዲስ ሸራና አዲስ ስፖንጅ ይሸጣል፣ ሁለቱንም በአንዴ ቀይሪ። ከላይ ትራስ ደርቦ መቀመጥን ግን እርሺው፣ ፍሬን ስትይዢ ትራሱ ይዞሽ ይንሸራተታል።

ሁለቱ ከተሰሩ በኋላ ነው እንግዲህ ማስተካከል የሚባለው። ቂጥሽን እስከ ጥጉ አስጠጊ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ርገጪ፣ ጉልበትሽ ትንሽ እንደታጠፈ ይቅር። ከዛ ትከሻሽን ከመደገፊያው ሳታላቅቂ ክንድሽን ዘርጊ፣ የእጅ አንጓሽ መሪው አናት ላይ ካረፈ ጨረስሽ፣ ካላረፈ መደገፊያውን በጎን ባለው ማንሻ ቀና አርጊው። አብዛኛው ሰው የስፖርት መኪና ሲያገኝ ፊልም ላይ እንዳየው ተንጋሎ ነው የሚቀመጠው፣ ከዛ ሲጠመዝዝ ጀርባው ከወንበሩ ይለቃል።

መሪው ራሱ ከፍ ዝቅ አይልም። አሁንም ጭንሽን ከነካ ያኔ 14 ኢንች መሪ ግዢ፣ ይቺ መኪና ኤርባግ ስለሌላት መቀየሩ ችግር የለውም፣ ግን ፓወር ስቲሪንግም የላትም፣ መሪው ባነሰ ቁጥር ፓርክ ስታደርጊ ክንድሽ ይዝላል። ሳትከፍዪም በፊት ያዢውና የፍጥነት ቆጣሪውን እንዳይጋርድሽ እዪ።

ለወንድምሽ ደግሞ፣ የወንበሩ ሃዲድና ወለሉ መሃል የእንጨት ጠፍጣፋዎች አሉ፣ እነሱ ሲወጡ ወንበሩ ዝቅ ይላል፣ ብሎኖቹን ግን በአጭር መቀየር ያስፈልጋል። ችግሩ ለሱ ያወረድሽው ላንቺ መጉደሉ ነው። መኪናዋ ያንቺ ከሆነች እንጨቶቹ ባሉበት ይቀመጡ፣ ወንድምሽ መደገፊያውን ትንሽ ለጠጥ ያርገው፣ ካልተመቸው የራሱን ይግዛ። ሃዲዱን ግን አጽድተሽ ግሪስ ቀቢው፣ በአንድ ጎን ብቻ የተቆለፈ ወንበር ፍሬን ላይ ነው የሚለቅሽ።

ጥያቄ፦ ከፍራንክፈርት ነው፣ የ1980ዎቹ ፖርሽ 911 አለኝ፣ ፔዳሎቹ ወደ ቀኝ የተንጋደዱ ይመስለኛል፣ እግሬም ቶሎ ይደክማል፣ ተጋጭታ ይሆን?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ፣ ስትሰራም እንደዛው ናት። የፊት ጎማው ማቀፊያ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ፔዳሎቹ ወደ መሃል ተገፍተዋል። በዛ ላይ እንደ ሌላው መኪና ከላይ የተንጠለጠሉ ሳይሆኑ ከወለሉ የሚነሱ ናቸው፣ ስለዚህ ተረከዝህን አንስተህ ከላይ አትርገጥ፣ ወለሉ ላይ አሳርፈህ በፊት እግርህ ግፋ። ሶሉ ወፍራም ጫማ አውልቅ። መሪ ልቀይር ካልክ ግን እዛ አገር ፈቃድ ያለው መሆኑን አረጋግጥ፣ ካልሆነ ቲዩቭ (የመኪና ምርመራ ድርጅቱ) ላይ መመዝገብ አለበት፣ ሳታስመዘግብ ከነዳህ የመኪናው ፈቃድ ራሱ ጣጣ ውስጥ ይገባል።