መሃሉ ይነበባል፣ ዳሩ ጭጋግ ነው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ የዕድር ጸሐፊ የካዝናውን ባለ 4 አሃዝ ቁጥር በምስል አድርጎ ለሁለት ከፈለው። ሁለቱ ገንዘብ ያዦች ክፋያቸውን ካልደራረቡ ቁጥሩ እንዳይነበብ ነው። እያንዳንዳቸው በየሰፈራቸው ፎቶ ኮፒ ቤት በትራንስፓረንሲ (ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ) አሳተሙ። ኮምፒውተር ላይ ቁልጭ ያለው ቁጥር ፕላስቲኩ ላይ መሃሉ ብቻ ይታያል።

ወንድሜ፣ «መሃሉ ብቻ» ስትል ገባኝ። ፋይሉ ቢበላሽ መሃሉም አይታይም ነበር። አንዱ ቤት በ100 ፐርሰንት አትሟል፤ ሌላው «ፊት ቱ ፔጅ»ን (ምስሉን ከገጹ ጋር የሚያስተካክለውን ምርጫ) ሳያጠፋ 97 አካባቢ አሳንሶታል ብዬ እወራረዳለሁ። 3 ፐርሰንት ምንም አትመስልም። ከመሃል 10 ሴንቲ ሜትር ስትርቅ ግን 3 ሚሊ ሜትር መዛነፍ ናት። ታዲያ ሁለቱንም አንድ ማሽን ላይ ላሳትም እንዳትል!

አሠራሩን ሳልነግርህ አላልፍም፣ ስለምወደው። በ1994 እ.ኤ.አ. የምስጢር አጻጻፍ ተመራማሪዎቹ ሞኒ ናኦር እና አዲ ሻሚር ያቀረቡት ነው። እያንዳንዱ ፒክስል፣ ማለትም የምስሉ ነጥብ፣ ለሁለት ይገመሳል፤ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ክፍት። ግራው ይጥቆር ቀኙ በዕጣ ይወሰናል። ፒክስሉ ነጭ ከሆነ ሁለቱም ክፋዮች ላይ ያው ጎን ይጠቁራል፤ ሲደራረቡ ግማሹ ብርሃን ያሳልፋል። ጥቁር ከሆነ አንዱ ላይ ግራው፣ ሌላው ላይ ቀኙ ይጠቁራል፤ ሲደራረቡ ድፍን ይላል። አንዱን ብቻ የያዘ ሰው የትም ቢያይ ግማሽ ጥቁር ነው። ዕጣው እውነተኛ ዕጣ ከሆነ የፈለገውን ኮምፒውተር ቢያመጣ አይፈታውም፤ ቁጥሩ እሱ ጋ የለማ! ሲደራረቡ ነጩ ግራጫ የሚመስለውም ግማሹ ሁልጊዜ ጥቁር ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ቤት ያለው ልጅ «ላጥራልህ» ብሎ በፎቶሾፕ ማለስለሱ ሌላ ጣጣ ነው። የነጥቡ ጠርዝ ደብዝዞ ወደ ጎረቤቱ ይፈሳል። በርካሽ የተሞላ ቶነር (የማተሚያው የዱቄት ቀለም) ሲጨመርበትማ ጥቁሩ ራሱ ወንፊት ይሆናል።

አዲስ ክፋይ አውጣ። አሮጌውን ለሌላ ቁጥር አትድገመው፤ በአንድ ክፋይ ሁለት ቁጥር ከደበቅህ፣ የሁለቱን ቁጥሮች ጥንድ ክፋዮች እርስ በርስ የደራረበ ሰው ብዙ ነገር ያያል። ግማሽ ነጥቡ 1 ሚሊ ሜትር ይሁን። አራቱም ማዕዘን ላይ የመስቀል ምልክት፣ ከታች ልክ 10 ሴንቲ ሜትር መስመር ጨምር። ምስሉን በማያበላሸው የፋይል ዓይነት፣ በፒኤንጂ አስቀምጥ። በቴሌግራም ስትልክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላክ፤ ፎቶ ካደረግኸው ጨምቆ ያበላሸዋል። ገንዘብ ያዦቹ «አክቹዋል ሳይዝ» (በልኩ) ብለው ያትሙ፤ መስመሩን በማስመሪያ ይለኩ። 9.7 ከመጣ መልሱት። ትራንስፓረንሲው ለሌዘር ማተሚያ የተሠራ መሆኑንም አረጋግጡ፤ ቀለም ለሚረጨው ለኢንክጄት የተሠራው ሌዘር ማሽኑ ውስጥ ሊቀልጥ ይችላል። ከዚያ መስቀሎቹን አጋጥማችሁ መስኮት ላይ ያዙት።

ድጋሚ ልበል፦ ሁለቱ ክፋዮች አንድ ሱቅ አይግቡ። የላክኸው ፋይል እዚያ ኮምፒውተር ዳውንሎድ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይቀራል።