መልስ፦ የድሬዳዋው አሮጌ ባቡር ጣቢያ ለምን ሐረር ላይ አልተሠራም?

ወንድሜ፣ «ሐረርን የሚያህል ከተማ እያለ ጣቢያው ለምን ድሬዳዋ ላይ ሆነ?» ላልከው ዋናው ምክንያት ተራራው ነው። መጀመሪያማ ከጅቡቲ የሚመጣውን ባቡር ሐረር ለማስገባት ታስቦ ነበር። ግን አቀበቱ ብዙ ወጪ ይጠይቃል። ስለዚህ ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. ከተራራው ሥር ደረሰ፤ ድሬዳዋም በጣቢያው ዙሪያ ተቆረቆረች። ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ሥራው ለዓመታት ተጓተተ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው።

በጣቢያው አካባቢ ያለውን የድሬዳዋ ሰፈር ከዚራን እስቲ ዞር ዞር ብለህ እይ። ቀጥ ያሉት ጎዳናዎች፣ ጥላቸው የሚያሳርፈው ዛፎች፣ ከባቡሩ ጋር የመጡ ናቸው።

የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር፣ የአዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ደግሞ 1.435 ሜትር ነው። አዲሱ ባቡር በድሮው መስመር መሄድ አይችልም፤ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። እኔን የሚያሳስበኝ የድሮው ጥገና ጋራዥ ነው። ማሽኖቹን የሚያውቁ አንጋፋ ሠራተኞች በሕይወት እያሉ ሙዚየም ቢሆን ደስ ይለኛል።