ለናቲ ክፍል የትኛው አውሮፕላን? የትስ ይሰቀል?

«የናቲ እናት» ብላ አንዲት እህት ጽፋልኛለች። ልጇ 6 ዓመቱ ነው፤ አውሮፕላን ሲያልፍ ከሰማ ምሳውን ጥሎ ነው ወደ በረንዳ የሚሮጠው። ለልደቱ የአየር መንገዳችንን ድሪምላይነር (ቦይንግ 787) ሞዴል ክፍሉ ውስጥ ልትሰቅልለት አስባለች። አንድ ዘመዳቸው ቢሮው ያለውን ትልቅና ከባድ ባለማቆሚያ ሞዴል ሊሰጣት ፈቃደኛ ነው። ሱቅ ስትዞር ደግሞ አነስ ያለ የብረትም የፕላስቲክም አይታለች። ክፍሉ 2.80 በ3.20 ሜትር፣ ከፍታው 2.60፣ ኮርኒሱ ጂፕሰም። አልጋው ተደራራቢ ነው፤ ናቲ ከታች ይተኛል፣ የ9 ዓመት እህቱ ከላይ። «የቱን ልምረጥ? ጂፕሰሙስ ይሸከመዋል ወይ?» ትላለች።

እሺ የናቲ እናት፣ አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልንገርሽ። ፕላስቲኩን ግዢ፣ 1፡200 የሚለውን፣ ጎማው የሚነቀል ከሆነ ደግሞ ተመራጭ ነው። ጂፕሰሙ ብቻውን አይሸከምም፤ ከጀርባው ያለው ብረት ግን ይሸከማል። የዘመድሽን ስጦታ አመስግነሽ ተቀበዪ፣ ግን እንዳትሰቅዪው።

ከመጠኑ እንጀምር። ካርቶኑ ላይ 1፡100፣ 1፡200፣ 1፡400 የሚል ቁጥር ታገኛለሽ። ስኬሉ ነው። የእውነተኛውን አውሮፕላን ልክ በሁለተኛው ቁጥር ማካፈል ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። የድሪምላይነር 787-8 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 60 ሜትር ነው፣ ርዝመቱ ወደ 57። ስለዚህ በ1፡400 ክንፉ 15 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ በ1፡200 30፣ በ1፡100 60። ኤርባስ ኤ350-900 ከወደድሽም ብዙ አይለይም፤ በ1፡200 ክንፉ 32 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። 15 ሳንቲ ሜትሩ ጠረጴዛ ላይ ሲታይ ያምራል፣ ኮርኒስ ስር ሲሰቀል ግን ዝንብ ያህላል። 60 ሳንቲ ሜትሩ ደግሞ እንደ እናንተ ባለ ክፍል ውስጥ ወይ ከቁምሳጥን በር ወይ ከአምፖሉ ጋር መጋጨቱ አይቀርም፤ ትልቅ ሲሆን ልጁ ይደሰታል የሚሉ ወላጆች አሉ፣ ልጁስ ይደሰታል፣ ልብስ ለማውጣት በገባሽ ቁጥር ጎንበስ የምትዪው ግን አንቺ ነሽ። ለዚህ ስፋት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ልኩ ነው።

ቀጥሎ ክብደቱ። ይሄ ቀልድ የለውም። የቢሮ ሞዴል የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከሬዚን ወይም ከጠንካራ እንጨት ይሠራል፤ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነው ከኪሎ ያልፋል። ማቆሚያው ላይ እንዲቀመጥ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ክር የሚታሰርበት ቦታም የለውም። የብረቱ በ1፡200 ግማሽ ኪሎ አካባቢ የሚደርስ አለ፣ የክንፉ ጫፍ ደግሞ ሹል ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከ2 ሜትር በላይ ከፍታ ሕፃን ላይ ሲወድቅ አስቢው። ያለ ማጣበቂያ፣ ክፍሎቻቸው እርስ በርስ እየተገጣጠሙ የሚሠሩት የፕላስቲክ ሞዴሎች ሆዳቸው ባዶ ስለሆነ ከብረቱ በብዙ ይቀላሉ፣ ቢወድቁም የሚሰበሩት ራሳቸው ናቸው። ሱቅ ውስጥ በእጅሽ አንሺው። የእንጀራ ምጣድ ክዳን ስታነሺ እንደምታደርጊው ክንድሽ ከተዘጋጀ፣ መልሰሽ አስቀምጪው።

አሁን ብዙ ሰው ልብ የማይለው ጉዳይ ላይ ደረስን። ሱቅ ውስጥ ሞዴሉን የምታዪው ከጎንና ከላይ ነው። ናቲ የሚያየው ግን ከስር ነው። ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት ገልብጪውና ሆዱን እዪ። የማቆሚያው ቀዳዳ ክፍት ሆኖ ይታያል? የሁለቱ ግማሽ መገጣጠሚያ መስመር አፉን ከፍቷል? የሞተሮቹ ሆድ ቀለም ተቀብቷል ወይስ ጥሬ ፕላስቲክ ነው? ርካሾቹ ከላይ ተሽሞንሙነው ከስር እርቃናቸውን ናቸው። የማቆሚያው ቀዳዳ እንኳ ችግር የለውም፣ ነጭ ስቱኮ በጥፍርሽ ጫፍ ነክተሽ ብትደፍኚው ይበቃል። ጎማው ከተዘረጋ ግን አየር ላይ ያለ ሳይሆን ሊያርፍ የመጣ ነው የሚመስለው፤ ለዚያ ነው የሚነቀለውን ያልኩሽ። ድሪምላይነር ከሆነ ሌላም ነገር አለው፦ እውነተኛው አየር ላይ ሲሆን ክንፉ ወደ ላይ ቀና ይላል፣ መሬት ላይ ሲቆም ደግሞ ዘርጋ። አንዳንድ አምራቾች የበረራውን ክንፍ አድርገው ይሠራሉ። ሁለቱም ካሉ ቀና ያለውን ያዢ፤ ከስር ሲታይ ሕይወት ያለው እሱ ነው።

ታዲያ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩ ጭራው ላይ ነው ያለው፣ ከስር እንዴት ሊታይ ነው ትዪኝ ይሆናል። ትክክል። ቀጥ ብሎ ከራሱ በላይ ከተሰቀለ አይታይም። ደግነቱ ከራሱ በላይ መሰቀል የለበትም።

ተደራራቢ አልጋ ካለ የላይኛው ልጅ እጅ የማይደርስበት ነገር ጥቂት ነው። እህቱ ፍራሽዋ ላይ ቁጭ ብላ እጇን ብትዘረጋ ኮርኒሱን ትነካለች። ስለዚህ ከአልጋው ጠርዝ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይራቅ፤ አስሬ ካልኩሽ ይሄን ነው የምደግመው። ክር የተንጠለጠለበት ነገር ልጅ ከሚተኛበት አጠገብ አይሆንም፤ የሚጎትተው ብቻ ሳይሆን አንገት ላይ ሊጠመጠም የሚችል ነገር ነው። ናቲ ደግሞ ከታች ስለሚተኛ ከበላዩ የሚያየው የእህቱን አልጋ ጣውላ ነው፣ ኮርኒስ አይደለም። እንዲህ አድርጊ፦ የናቲ ትራስ ላይ አንቺ ራስሽ ጋደም በዪ። ባለቤትሽ ወይም እህቱ ወረቀት በዱላ ጫፍ ይዘው ከግርጌው በኩል ወዳለው ማዕዘን እየሄዱ ከፍ ዝቅ ያድርጉት። ሙሉውን ወረቀት ያየሽበት ቦታ ላይ «በቃ» በያቸውና በእርሳስ ምልክት አድርጊ። አብዛኛውን ጊዜ ከአልጋው ማዶ፣ ከግርጌ ማዕዘን በኩል ይወጣል። ከዚያ ሰያፍ ሲታይ ጎኑም ጭራውም ይታያል።

ምልክቱን ከማጽናትሽ በፊት በሩንና የቁምሳጥኑን መዝጊያ እስከ መጨረሻው ክፈቺ። እንዳይነካው። ከአምፖሉም ራቅ ይበል። ከፍታውን በተመለከተ የሞዴሉ ሆድ ከወለሉ ከ2 ሜትር ከ10 በታች አይውረድ፤ የናንተ ኮርኒስ 2.60 ስለሆነ ከመንጠቆው እስከ አውሮፕላኑ ሆድ 50 ሳንቲ ሜትር አለሽ ማለት ነው፣ በ40 ብታቆሚው ደግሞ ረጅም እንግዳ ቢመጣም አያሳስብሽም።

ወደ ጂፕሰሙ እንምጣ፣ እንጀራዬ ስለሆነ እዚህ ጋ ትንሽ ላብዛብሽ። ጂፕሰም ቦርድ በቀጭን የላሜራ ብረት ላይ በብሎን የታሰረ ነው። ብሎኑ በስቱኮ ተሸፍኖ ቀለም ስለተቀባ በዓይን አይታይም። ትንሽ ማግኔት በክር አስረሽ ኮርኒሱ ላይ ቀስ ብለሽ ጎትቺ፤ ብሎኑ ጋ ሲደርስ ይያዛል። ሁለት ሦስት ቦታ በአንድ መስመር ከያዘ ብረቱ የሚሄደው በዚያ ነው። መንጠቆው እዚያ መስመር ላይ ይግባ። ጥርሱ ለላሜራ የሚሆን ጠባብ ብሎን ያለው፣ ጫፉ ድፍን ቀለበት የሆነ ይሁን፤ ክፍት መንጠቆ ከሆነ ንፋስ ሲወዘውዘው ክሩ ይሾልካል።

እርሳስሽ ያረፈበት ቦታ ብረት ከሌለው ምልክቱን አሥር ሳንቲ ሜትር ወደ ብረቱ ውሰጂው። ናቲ ልዩነቱን አያውቅም። የግድ እዚያው ይሁን ካልሽ ከቦርዱ ጀርባ ክንፉን ዘርግቶ የሚይዝ የጂፕሰም ፊሸር አለ፣ ለቀላል ፕላስቲክ በቂ ነው። ተራውን የኮንክሪት ፊሸር ጂፕሰም ውስጥ አትክተቺ፤ ዱቄት አድርጎት ይወጣል። የሚለጠፍ መንጠቆም አይሆንም፣ ቀለሙን ይዞ ነው የሚወርደው። ከማብሪያ ማጥፊያው ወደ አምፖሉ በሚሄደው መስመር ላይ ደግሞ ፈጽሞ አትብሺ፤ ሽቦ ሊኖር ይችላል። ያም ሆኖ ከመብሳትሽ በፊት መብራቱን ከቆጣሪው አጥፊ።

ይህን የምታነቡ ሌሎች፣ ኮርኒሳችሁ ችፑድ ከሆነ ችፑዱ ምንም አይይዝም፣ የሚስማሮቹን መስመር ተከትላችሁ ሞራሌውን ፈልጉ። ኮርኒስ የሌለው ሶሌታ ከሆነ 6 ቁጥር ድሪልና 6 ቁጥር ፊሸር ይበቃል። አቡጀዲ ከሆነ ተዉት፣ ግድግዳ ላይ በሚወጣ የእንጨት ክንድ ስቀሉት።

መንጠቆው ከገባ በኋላ አውሮፕላኑን ወዲያው አትስቀዪ። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልተሽ አንጠልጥይና እስከ ነገ ተዪው። ልጆቹ ሌላ ክፍል ይደሩ። 2 ኪሎ አድሮ ካልተንቀሳቀሰ ያን ቀላል ፕላስቲክ ሳያስበው ይሸከማል።

ክሩ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይሁን፣ 10 ኪሎ ይችላል የተባለው። ሲባጎ አይሁን፤ ይሳሳል፣ አቧራም ይይዛል። ሞዴሉን መብሳት አያስፈልግሽም። በመጀመሪያ በሁለቱ ክንፎች ስር ጣትሽን አድርገሽ ሚዛኑ የት ጋ እንደሆነ እዪ። ከዚያ አንድ አንድ ክር በሁለቱም ክንፍ ዙሪያ፣ በሞተሩና በአካሉ መካከል አዙሪ። ክንፍ ወደ ጫፉ እየጠበበ ስለሚሄድ ክሩ ይንሸራተታል፣ ሞተሩን የያዘው አንገት ግን ያቆመዋል። ሦስተኛው ክር ከጭራው ክንፎች ፊት ለፊት አካሉን ይዙር። ስታነሺው አፍንጫው ካዘቀዘቀ ሦስተኛውን ከጭራ ወደ አፍንጫ በኩል አምጪው። ሦስቱን ከአውሮፕላኑ በላይ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ አንድ ትንሽ ቀለበት ውስጥ አገናኚ፣ ከቀለበቱ ወደ ኮርኒሱ አንድ ክር ብቻ ይሂድ። ናይለን ቋጠሮው ይፈታል፣ ስለዚህ በምራቅ አርጥበሽ ሁለቴ ቋጥሪና ጫፉን ቁረጪ፤ የተንጠለጠለ ትርፍ ክር አይቅር። ሱፐር ግሉ ጠብ አታድርጊበት። ናይለኑን ያደርቀዋል፣ ጭሱ ደግሞ የአውሮፕላኑን መስኮቶች ፕላስቲክ ነጭ ያለብሰዋል።

አሁን ለዓይን የሚያምረው ላይ ደረስን። ወደ አልጋው ያለው ክንፍ ዝቅ እንዲል የማዶውን ክር ሁለት ሳንቲ ሜትር አሳጥሪው። አውሮፕላኑ ዞር እያለ እንደሚበር ጎኑን ለናቲ ይሰጣል፣ ጭራውም ቀለሙን ያሳያል። እንደዚህ ያጋደለና ቀጥ ያለ ሞዴል ልዩነታቸው ሲታዩ ነው የሚገባሽ።

በጀቱ ከከበደሽ በእጅ ተወርውሮ የሚበረውን የፎም አውሮፕላን ግዢ። 48 ሳንቲ ሜትር ክንፍ ያለው አለ። ክብደት የሚባል ነገር የለውም፣ ጭራውን ናቲ ራሱ ሦስቱን ቀለም ይቀባዋል። እኔ እንዲያውም ለ6 ዓመት ልጅ ይሄንን ከሁሉም አስበልጣለሁ፣ ግን ድሪምላይነር ብሎ የተነሳ ልጅ ፎም አሳይተሽ የምታሳምኚው አይመስለኝም። እድሜው ከፍ ሲል ደግሞ ፕሮፔለር ያላቸው አሉ። አየር መንገዱ በ1938 ዓ.ም. የጀመረበት ዳግላስ በ1፡72 ክንፉ 40 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ ለዚህ ክፍል ልክ ነው፤ ነገር ግን ተጣብቆና ተቀብቶ የሚሠራ ስለሆነ የአባት ወይም የታላቅ ወንድም ሥራ ነው። በ1928 ዓ.ም. እዚሁ ተሠርታ፣ ጣሊያን ተወስዳ በ2016 ዓ.ም. የተመለሰችውን «ፀሐይ» የተባለች አውሮፕላን ደግሞ ፎቶዋን አይቶ ከጣውላ የሚሠራ ሰው ካገኘሽ፣ ለኔም ንገሪኝ።

ቤታችሁ ጨቅላ ከመጣ ሌላ ሕግ አለው። ከሕፃን አልጋ በላይ የሚሰቀል ማንኛውም ነገር ሕፃኑ በእጅና በጉልበቱ መነሳት ሲጀምር ወይም 5 ወር ሲሞላው፣ የቀደመው ሲደርስ ይወርዳል።

የዘመድሽን ትልቁን ሞዴል ሳሎን ውስጥ ማቆሚያው ላይ አስቀምጪው፣ ልጆች ከማይገፉት መደርደሪያ ላይ። የናቲን በወር አንዴ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ አቧራውን አራግፊ፣ ውሃ አትጠቀሚ፣ ምልክቶቹ ስቲከር ከሆኑ ይላጣሉ። መስኮቱ ፀሐይ የሚያስገባ ከሆነ ናይለኑ እየደከመ ይሄዳል፤ በየልደቱ ቀይሪው።